ከአንድ ሳህን የተቀባ ፀጉር

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚራ ፀጉሬን ልትሠራኝ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ደግሞ ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ትራስ አንጥፌ ተቀምጬ ነበር። ሰሚራ ከደሴ የመጣች የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ እንደኔው የአንደኛ ዓመት ተማሪ። ኢድ ስለደረሰ ሂናዋን ከዓርብ ማታ ጀምራ በፕላስቲክ ሳህን በጥብጣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣዋለች። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ዝናብ የነካው ድርቆሽ ይሸታል፤ ለማያውቀው ደስ የሚል ሽታ አይደለም፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማሸተው።

«እንዴ!» አለች ሰሚራ በድንገት፣ ማበጠሪያውን አቁማ። «ሽበት አለብሽ እኮ! አንድ። ረጅም። ቆይ ልንቀለው።»

እጇን ያዝኳት። «እንዳትነቅዪው!»

«ምን ሆነሻል? በዚህ ዕድሜሽ ሽበት ይዘሽ ክላስ ልትገቢ ነው?»

ምክንያቱን ልነግራት ፈልጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልሆን አለኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ሰፈራችን ቀጨኔ ውስጥ፣ ከአንድ ሳህን ሂና ጋር የተያያዘ ነገር ሆኖ ነበር። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም በቅደም ተከተሉ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

እናቴ ብርቄ መንታ እህት አላት፤ ድንቄ ትባላለች። ስማቸውን ያወጡት አባታቸው፣ አያቴ ናቸው። አንድ ልጅ ሲጠብቁ ሁለት ስለመጡላቸው መገረማቸውን በስማቸው ላይ ተዉት። በልጅነታቸው ፍጹም ይመሳሰሉ ስለነበር አባታቸው እንኳን አንዷን ጠርተው ሌላዋ «አቤት» ትላቸው ነበር ይባላል። እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነው። አክስቴ ድንቄ አረብ አገር ስትሄድ ገና ሕፃን ነበርኩ። ስልኩ ውስጥ ድምፅዋ የእናቴ ድምፅ ስለሆነ፣ ትንሽ ሆኜ እማዬ ከራሷ ጋር የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ የተመለሰችው በጥቅምት ነው። ሰማዩ ከክረምቱ ታጥቦ የጠራበት፣ ጠዋት ጠዋት ግን ብርዱ ጣት የሚያደነዝዝበት ወቅት ነበር። አየር ማረፊያ ሄደን ተቀበልናት። ሁለቱ ሲተቃቀፉ የአክስቴ ሻሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ፀጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ ነጭ ነበር። ጣል ጣል ያለ ሽበት አይደለም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው። አብረውን የመጡት ዘመዶች አይተው ማልቀስ ጀመሩ። እማዬ አላለቀሰችም። ቶሎ ብላ ሻሹን በገዛ እጇ መለሰችላትና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ፊቷን አስታውሰዋለሁ፤ አንድ ነገር ለመናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

የእማዬ ፀጉር በዚያን ጊዜ ጥቁር ነበር። ከሽሮ ሜዳ፣ ነጠላ ስትቋጭ ከምትውልበት ሱቅ፣ ስትመለስ ሻሿን ስታወልቅ ባየኋት ቁጥር የእሷ ልጅ በመሆኔ ደስ ይለኝ ነበር።

አክስቴ ከመጣች በኋላ ከቤት መውጣት እንቢ አለች። ሻሿን ተኝታም አታወልቀውም። አንድ ቀን በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ወደ ውስጥ አየት አድርጋ እማዬን፣ «ብርቄ፣ እናትሽ ከገጠር መጡ እንዴ? እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም። አክስቴ ግን ሰማች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

የከፋው ነገር አያቴን ሄዳ አለማየቷ ነው። አያቴ የሚኖሩት ሸጎሌ፣ አጎቴ ዘንድ ነው፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸው ወደ እኛ መምጣት አይችሉም። እሷ ደግሞ በስልክ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ይላሉ። ጉንፋኑ ግን ሳምንት አልፎት፣ ወር ሊሞላው ሆነ።

አንድ ምሳ ላይ እማዬ፣ «አባዬን እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታደርጊው?» ብላ ተቆጣቻት።

አክስቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «ሂጂ ያለኝ እሱ ነው፣ ብርቄ። አንቺ እንዳልሄድ ስትለምኚ፣ ተያት ትሂድ፣ ያልፍላታል ያለው እሱ ነው። አሁን ይሄን ጭንቅላት ሲያይ ምን ይላል? እኔ ነኝ ያነጣሁት ይላል። ሌላ ነገር አያይም። በስተርጅና ይሄን ልስጠው?»

እማዬ ተነስታ እጇን ታጠበች። ከሱቁ ይዛው ወደመጣችው ሥራ ተመልሳ የነጠላውን ጫፍ መቋጨት ጀመረች፤ እጇ ላይ ያለው ክር ግን ሁለቴ ሦስቴ ተበጠሰባት። ክር ሲበጠስባት አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ ነበር።

በፓኬት የሚሸጠውን ጥቁር ቀለም አክስቴ አረብ አገር ሳለች ሞክራው ጭንቅላቷን አቁስሏታል። ስለዚህ እኔ እትዬ ራህማን አሰብኩ። እትዬ ራህማ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ከባሏ ጋር ሱቅ ያላት የወሎ ሴት ናት። በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጓሮዋ ተሰልፈው እጃቸውንና ፀጉራቸውን ሂና ይቀባሉ። እማዬ ሐሳቡን ስነግራት፣ «እሺ፣ ቅዳሜ እንውሰዳት። እሁድ አባዬ ጋ ትሄዳለች» አለች። አክስቴም ብዙ ከተለመነች በኋላ እሺ አለች። ሐሙስ ዕለት እማዬ ከሱሉልታ የመጣ ለጋ ቅቤ ገዝታ የእህቷን አናት አራሰችላት። «ከቀለሙ በፊት ይለስልስ፣ ደርቋል» አለች። ቅቤው ጆሮዋ ሥር እስኪወርድ ድረስ ነበር የቀባቻት። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ራህማ ጓሮ ስንደርስ ሂናው በትልቅ ሳህን ተበጥብጦ ጠበቀን። በወፍራም ሻይና በሎሚ ነው የምትለውሰው፤ ከላይ ጠቁሮ፣ ማንኪያ ሲገባበት ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው።

«ነይ ድንቄ፣ ቁጭ በይ» አለች ዱካውን በእግሯ እየገፋች። «ዛሬ ሙሽራ ነው የማደርግሽ።»

«የሙሽርነቱ ጊዜ አልፏል። ብቻ እንደ አማትሽ ጢም እንዳታደርጊኝ።»

የእትዬ ራህማ አማት ሐጂ የሱቁ በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጢማቸው የደማቀ ብርቱካን መልክ ነው። «ጢሜ ምን ሆነ?» አሉ ዞር ብለው። «በዚህ ጢም ነው መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው የሚሄደው!»

አክስቴ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

እትዬ ራህማ እየቀባች ታስረዳት ጀመር። «ሂና እንደ ግድግዳ ቀለም አይደለም፤ የነበረውን አይሸፍንም፣ ከነበረው ጋር ነው የሚዋሃደው። የኔ ፀጉር ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ካልቆምኩ መቅላቱ አይታወቅም። የሐጂ ነጭ ነው፤ ያው እንደምታይው። የተቀባነው ግን ከአንድ ሳህን ነው። አንዷ ትመጣና እንደ ጎረቤቴ አድርጊኝ ትለኛለች። የጎረቤትሽን ጭንቅላት ይዘሽ ነይ እላታለሁ!»

«የኔስ ምን ይሆናል?»

«አላህ ያውቃል። ይቀላል። ነጭ ግን አይሆንም።»

ቀብታ ስትጨርስ በፌስታል ሸፍና በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለቻት። እስኪይዝ ድረስ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። ድንቹ ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን ነበር የምንልጠው። አክስቴ የማዳሟን ነገር አነሳች፤ በየወሩ ፀጉሯን ሂና የምትቀባት እሷ ነበረች። «ማዳም አንድም ቀን ጥሩ ነው ብላ አታውቅም» አለች። «ቀልቷል ትላለች፣ ጠቁሯል ትላለች። የራሷ ፀጉር መሆኑን እኮ ረስታው ነው።»

ከዚያ ሲታጠብ ነገሩ ተበላሸ።

በጆሮ ግንዶቿ በኩል ያለው ደማቅ ቀይ ሆኗል። መሐል አናቷ ላይ ያለው ግን እዚህ ቢጫ፣ እዚያ ነጭ፣ ከፊሉ የታረሰ ከፊሉ ያልታረሰ መሬት መስሏል። እትዬ ራህማ ነጩን ቦታ በጣቷ ፈተገችና ጣቷን አሸተተች።

«ቅቤ ነበረው እንዴ?»

«ሐሙስ ቀብቻት ነበር» አለች እማዬ በትንሽ ድምፅ።

«ታጥቤዋለሁ እኮ» አለች አክስቴ። «በቀዝቃዛ ውሃ ቢሆንም።»

«ወይኔ ብርቄ! ቅቤ ያለበት ላይ ሂና በየት በኩል ይግባ? ጠይቂኝ አይባልም?»

«እኔስ ብሆን በምን ልወቀው» አለች አክስቴ። «እዚያ ቅቤ የሚቀባ ሰው የለ።» እንዲህ ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ መስታወቱን አነሳችና ፈገግታዋ ጠፋ። ብዙ አየች። መስታወቱን በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችና ሻሿን እርጥብ ፀጉሯ ላይ አሰረች። «በቃ። እግዜር ይስጥልኝ ራህማ። ነገ አልሄድም። ለገና እሄዳለሁ።»

«ሳህኑ ገና ግማሽ ነው» አለች እትዬ ራህማ። «በሙቅ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙና ደህና አድርጌ አጥቤሽ እንደገና...»

«በቃ አልኩ። መልኬ ለሰው የሚታይ አይደለም። በዚህ ላይ ዝንጉርጉር ሆኜ ልሂድለት?»

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ከወጣች ለገናም እንደማትሄድ፣ ከገና በኋላ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ እንደሚመጣ ሁላችንም ገብቶናል። የአያቴ ዕድሜም የሚጠብቅ ዕድሜ አልነበረም።

ያን ጊዜ እማዬ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ሻሿን ፈታች፣ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች። «ራህማ፣ እኔንም ቀቢኝ።»

«እማዬ፣ ያንቺ ጥቁር ነው እኮ» አልኳት። «ምንም አይታይም። በከንቱ ነው።»

«ቀቢኝ።»

እትዬ ራህማ በማበጠሪያው ጭራ የእማዬን ፀጉር ከግንባሯ ወደ አናቷ ከፈለችና ቆም አለች። ጎንበስ ብላ እማዬን ፊት ለፊት አየቻት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ደግሞ! ቀቢኝ አልኩሽ።»

ሂናው እንዳይባክንባት የሳሳች መስሎኝ ነበር። አክስቴ በሩ ላይ እንደቆመች የእህቷ አናት በዚያ አረንጓዴ ጭቃ ሲሸፈን አየች። «እብድ ናት ይህቺ ሴትዮ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ብቻሽን መሳቂያ አትሆኚም» ብላ ተመልሳ መጣች፤ ሻሿን አወለቀችና ለእጥበቱ አንገቷን ሰጠች።

እትዬ ራህማ ፀጉሯ ከንጽሕናው እስኪንጫጫ ድረስ አጠበቻትና ቀባቻት። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን፣ በፌስታልና በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በኮባ እንደተሸፈነ ድፎ ዳቦ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከጓሮው ለቅቃ ግድግዳው ላይ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም። እማዬ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ስታፍተለትል ነበር።

መጀመሪያ አክስቴ ታጠበች። ይዞላታል! ከግንባሯ መሐል ጣት የምታህል ነጭ መስመር ቀረች እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ተወለወለ መዳብ ሆኗል። እትዬ ራህማ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ እማዬ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። ውሃው ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ ከዚያ ጠራ። ቀና ስትል ፀጉሯ እንዳልኩት ጥቁር ነበር፤ ወደ ታች እስከ ጫፉ ድረስ ምንም አልሆነም።

ሥሩ ግን ቀልቷል። ማበጠሪያው በከፈለው መንገድ ላይ፣ ከግንባሯ እስከ አናቷ፣ ከግራም ከቀኝም ቀጭን የመዳብ መስመር ይታያል። ልክ የአክስቴ ቀለም ነው።

እኔ ወዲያው አልገባኝም፤ ሂናው ቆዳዋን የነካት መስሎኝ ነበር። የገባት አክስቴ ናት። ቀረብ ብላ በጣቷ መስመሩን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሰችው።

«ብርቄ።»

«እ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ከሄድሽ ብዙም አልቆየ። ሽሮ ሜዳ አንዲት ልጅ አለች፣ በየጊዜው ታጠቁርልኛለች። ለልጄም አልነገርኩ።»

«እኔ እኮ... የሰው አገር ያነጣኝ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።» እማዬ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ቀና ብላ አላየቻትም። «አየር ማረፊያ ሻሽሽ ሲወልቅ ልነግርሽ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስልሽ እኔ ጥቁር ፀጉሬን ይዤ ቆሜ... በነጋታው ደግሞ ባሰብኝ። ከዚያ ባደረ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። የኛ ዘር ነው፣ ድንቄ። ማንም አላነጣሽም።»

አክስቴ ምን እንደምትል ፈርቼ ነበር። ልትቆጣ መብት አላት። ያን ሁሉ ቀን በሻሽ ታስራ የተቀመጠችው በአንድ ቃል ሊፈታ በሚችል ነገር ነው። እሷ ግን የእህቷን እርጥብ ጭንቅላት ሆዷ ላይ አስጠግታ አቀፈችው፤ የቀሚሷ ፊት በሂና ውሃ ተበላሸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሚጣ፣ ሂጂ ያችን ሽንኩርት ሻጭ ጥሪልኝ!»

«ለምን?»

«እናትየዋ የትኛዋ እንደሆነች መጥታ ትለይ!»

እትዬ ራህማ ሳቋ መጥቶ ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ሐጂም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ከውጭ ይስቁ ነበር።

አሁን ሳስበው የእናቴ ድርጊት የሚደንቀኝ፣ የሚሆነውን እያወቀች ማድረጓ ነው። ስለ ሂና የተነገረውን ሁሉ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ሰምታለች። ሌላ ጊዜ፣ ለብቻቸው ሆነው፣ ቀስ ብላ ልትነግራት ትችል ነበር። እሷ ግን ቃል ስላልሆነላት ጭንቅላቷን ሰጠች፤ ሂናው ተናገረላት። እህቷ በሩን ልትወጣ ባለችበት ሰዓት ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ ገብቷታል።

እሁድ እማዬ ራሷ የቋጨቻቸውን፣ ጥለታቸው አንድ የሆነ ሁለት ነጠላ አወጣች። እንደ ልጅነታቸው አንድ ዓይነት ለብሰው ወጡ። አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ስንቀይር ወያላው ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ሸጎሌ! ሸጎሌ! ቀይዋ እናት፣ ጠጋ በይልኝ!» አለ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስበው ይሆናል ብዬ አየኋት። «ቀይዋ ስትከፍል ጥቁሯ በነፃ ነው» አለችው። ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

አያቴ እግራቸው ሳይከዳቸው በፊት የከብት ነጋዴ ነበሩ። ዛሬም ከቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ወደ ገበያው የሚነዱትን በጎችና በሬዎች መልክ ሲቆጥሩ ይውላሉ። በዚያ ቀንም በር ላይ ነበሩ። አክስቴ ከሩቅ ስታያቸው እርምጃዋ ዘገመ፤ እማዬ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። አያቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። አክስቴ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ነጠላውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ከብት እንደሚገዛ ሰው አዘንብለው አዩት።

«ዳማ» አሉ። በገበያ ቋንቋ ቀላ ያለውን ከብት ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ ይሉታል። «ዳማ ሆነሽ መጣሽ። ይኸው ግንባርሽ ላይ ቦራም ትተውልሻል። አሁን ገና ከእህትሽ ለየሁሽ።»

«አባዬ፣ ሥሩ ነጭ ነው» አለች አክስቴ። «የተቀባ ነው።»

«አላየሁም እንዴ? እናቴ ሳላገባ ነው እንደ ጥጥ የነጣችው። እኔም እንዲሁ። አንቺ ከማን ልታመጪው ኖሯል?» እማዬ ጎንበስ ስትል ደግሞ የእሷን ሥር አዩ። «አንቺም!»

«እኔም» አለች እማዬ።

አያቴ መልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ከአክስቴ እጅ ላይ አላነሱም። «እኔ የፈራሁት ሽበት አይደለም» አሉ ቆይተው። «መጣች ሲሉኝ እሁድ እሁድ ካባዬን ለብሼ እዚህ እቀመጣለሁ። ስትቀሪ፣ ሂጂ ስላልኳት ተቀይማኛለች አልኩ። ተቀይማም አይፈረድባትም አልኩ።»

አክስቴ ለእሳቸው ስትሰጋ እሳቸው በር ላይ ሆነው ሲጠብቋት ነበር። የአጎቴ ሚስት ዱለቱ ሊበርድ ነው ብላ እስክትጠራን ድረስ እዚያው እግራቸው ሥር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ልንገባ ስንል አያቴ እኔን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉኝ። «አንቺም ተራሽ ይደርሳል። ሲመጣ እንዳትደነግጪ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች በዓል ሲደርስ ከእትዬ ራህማ ሳህን አብረው ይቀባሉ። እማዬ ማጥቆሩን ተወችው። መዳቡ በየበዓሉ ከሥሯ ወደ ታች እየወረደ፣ ጥቁሩ እየተቆረጠ ሄዶ፣ አሁን ሁለቱ እንደ ድሮው ሆነዋል። አያቴ ባለፈው ስደውልላቸው፣ «ቦራዋን ምነው አጠፋችሁብኝ፣ ተምታቱብኝ እኮ» ብለው አጉረመረሙ።

ታሪኩን ስጨርስ ሰሚራ ማበጠሪያውን ፀጉሬ ውስጥ እንደሰካች ቀርታ ነበር። ከዚያ ተነስታ ሳህኑን ከመስኮቱ አመጣች። ሌላው ጥቁር ስለሆነ አንዷን ብቻ ለየቻት፤ በጣቷ ጫፍ ከሥሯ እስከ ጫፏ ቀባቻት፣ በትንሽ ፌስታል ጠቅልላ በፀጉር ማስያዣ አሰረችልኝ። ከዶርሙ ልጆች ያየ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ማታ ስታጠብ መጀመሪያ ያጣኋት መስሎኝ ነበር። ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ፀሐይዋ ስታርፍብኝ ግን በጥቁሩ መሐል እንደ መዳብ ክር ብልጭ አለች። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ከስልኳ ተደወለልኝ፤ እማዬ ትሁን አክስቴ በድምፅዋ መለየት አልቻልኩም።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ።